የድምፅ ሌቭል በዴሲቤል የሚያሳይ ኤልኢዲ ሜትር፦ የሎግ አምፕሊፋየሩ ሙሉ አሰራር

ብዙ ሰው የድምፅ ሌቭል የሚያሳይ የመብራት መስመር መስራት ሲጀምር ከሚክሰር የሚወጣውን ሲግናል ሬክቲፋይ አድርጎ (ወዲያና ወዲህ የሚለውን ሲግናል ወደ አንድ አቅጣጫ ቀይሮ) ቀጥታ ኤልኤም3914 የሚባለው አስር ኤልኢዲ የሚያበራ ቺፕ ላይ ይሰካዋል፣ ከዛ ጮክ ሲል ሁሉም መብራት ይበራል፣ ዝቅ ሲል ደሞ አንዱም አይበራም፣ መሃል የሚባል ነገር የለም። ቺፑ አልተበላሸም። ኤልኤም3914 ቮልቴጁን እኩል እኩል ነው የሚከፋፍለው፣ ጆሯችን ግን እንደዛ አይሰማም። ቮልቴጁ ወደ አስር አንድ ሲወርድ (20 ዴሲቤል፣ ባጭሩ 20 ዲቢ ማለት ነው) ለኛ ድምፁ ቀነስ አለ፣ ለሜትሩ ግን ከአስር መብራት አንድ ብቻ ቀረ። ወደ መቶ አንድ ሲወርድ፣ 40 ዲቢ፣ ሜትሩ ጨልሟል፣ ጆሮ ግን አሁንም ይሰማል።

ኤልኤም3915 አለ አይደል የሚል ካለ አዎ አለ፣ ውስጡ በሎግ (በእኩል ቮልቴጅ ሳይሆን በእኩል እጥፍ) የተከፋፈለ ነው፣ በየ3 ዲቢ አስር መብራት፣ በጠቅላላ 30 ዲቢ። ለስፒከር ጌጥ ከሆነ እሱን ገዝታችሁ ጨርሱ፣ ይሄን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም። አዳራሽ ውስጥ ሚክሰር ለሚይዝ ወይም ቤቱ ሪከርድ ለሚያደርግ ሰው ግን 30 ዲቢ ይጠብባል፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ማይክ ላይ መኖሩን እንኳን አያሳይም። እኛ 50 ዲቢ የሚሸፍን እንሰራለን፣ እያንዳንዱ መብራት 5 ዲቢ፣ ዘጠነኛው መብራት 0 ዲቢዩ (0.775 ቮልት አርኤምኤስ)፣ አስረኛው +5፣ የመጀመሪያው −40 ዲቢዩ ማለትም 7.75 ሚሊቮልት ላይ የሚበራ። ይቺ 7.75 ሚሊቮልት የምትባለዋን ቁጥር ያዙልኝ፣ የዲዛይኑ ጭንቀት በሙሉ እሷ ላይ ነው።

ሎጉን የሚሰራው ማነው

ትራንዚስተር ነው። የኮሌክተር ከረንቱ አስር እጥፍ በጨመረ ቁጥር በቤዝና በኢሚተር መሃል ያለው ቮልቴጅ በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ በ59 ሚሊቮልት ገደማ ይጨምራል። ከ1 ማይክሮአምፒር ወደ 10፣ 59 ሚሊቮልት። ከ10 ወደ 100፣ ደግሞ 59። እኛ በምንፈልገው ሬንጅ ውስጥ ይሄ ነገር የሚገርም ንፁህ ነው። አስር እጥፍ 20 ዲቢ ስለሆነ 1 ዲቢ ማለት ወደ 3 ሚሊቮልት ነው። ተራ ዳዮድም ተመሳሳይ ባህሪ አለው ግን 1ኤን4148 ላይ ስሎፑ (ከረንቱ አስር እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው ቮልቴጅ) ከረንቱ ሲቀያየር ይዛባል፣ ስለዚ ለሎግ ዳዮድ አትጠቀሙ፣ ኦፕ-አምፕ (ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር) ፊድባክ ውስጥ፣ ማለትም ከአውትፑቱ ወደ ማይነስ እግሩ በሚመለሰው መንገድ ላይ የገባ ትራንዚስተር ነው ትክክለኛው።

ችግሩ ሙቀት ነው፣ እሱም ሁለት ቦታ ይመታችኋል። አንደኛ፣ ከረንቱ ሳይቀየር ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ያ ቮልቴጅ ወደ 2 ሚሊቮልት ይወርዳል። 2 ሚሊቮልት ለኛ 0.7 ዲቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጠዋትና ቀትር መሃል አስር ዲግሪ ልዩነት ብርቅ አይደለም፣ ስለዚ ጠዋት ያስተካከላችሁት ሜትር ቀትር ላይ 7 ዲቢ ስቶ ታገኙታላችሁ፣ ማለትም ከአንድ መብራት በላይ። መፍትሄው ሁለተኛ ትራንዚስተር አጠገቡ ማስቀመጥና በሱ ውስጥ የማይቀየር ከረንት ማሳለፍ ነው፣ ከዛ የሁለቱን ልዩነት ብቻ መውሰድ፣ ሁለቱም እኩል ስለሚወርዱ መውረዱ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ራሱ 59 የሚባለው ስሎፕ በየዲግሪው 0.33 ፐርሰንት ይጨምራል። እሱን በጌይን ሬዚስተር እናስተካክለዋለን፣ እንመጣበታለን።

ሰርኪዩቱ

ፓወሩ +12 እና −12 ቮልት ነው፣ 7812 እና 7912 ይበቃል። አምስት ኦፕ-አምፕ አለን፣ ለመግባባት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እንበላቸው። ሀ እና ለ አንድ ቲኤል072 ውስጥ ያሉት ሁለቱ ናቸው፣ ሐ፣ መ እና ሠ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ኦፒ07። ሁሉንም በቲኤል074 ልስራው የሚል ይኖራል፣ አይሆንም፣ ለምን እንደማይሆን ሐ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ሀ የመግቢያ አምፕሊፋየር ነው። ሲግናሉ በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ፕላስ እግሩ ላይ ይገባል፣ ከዛው እግር 100 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ። ከማይነስ እግሩ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም፣ ከማይነስ እግሩ ወደ አውትፑቱ 6.8 ኪሎኦም ከ10 ኪሎኦም ትሪመር (እየዞረ የሚስተካከል ትንሽ ሬዚስተር) ጋር ተከታትለው። ጌይኑ ከ1.7 እስከ 2.7 ይሄዳል፣ መሃሉ 2.1 አካባቢ ነው የምንሰራው። ከዚ በላይ ጌይን አትስጡት፣ ምክንያቱም ሙዚቃ ውስጥ ፒኮቹ ከኤቨሬጁ 10 ዲቢና ከዛ በላይ ከፍ ይላሉ፣ ሀ ክሊፕ ካደረገ (ከፓወሩ በላይ መውጣት አቅቶት የሲግናሉ ጫፍ ከተቆረጠ) ሜትሩ ላይኛው ጫፍ ላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል። የሚክሰራችሁ 0 ቪዩ (የራሱ ሜትር 0 የሚልበት ሌቭል) +4 ዲቢዩ ከሆነና ዘጠነኛው መብራት እዛ ላይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ 6.8ቱን አውጥታችሁ 1 ኪሎኦም ክተቱ፣ ሌላ ምንም አይነካም።

ለ እና ሐ አንድ ላይ ፉል ዌቭ ሬክቲፋየር ናቸው። ከሀ አውትፑት በ10 ማይክሮፋራድ (ባይፖላር) አልፎ ሁለት ቦታ ይሄዳል፦ በ20 ኪሎኦም ወደ ለ ማይነስ እግር፣ በሌላ 20 ኪሎኦም ደሞ ወደ ሐ ማይነስ እግር። የሁለቱም ፕላስ እግር ግራውንድ። ለ ላይ ሁለት 1ኤን4148 አሉ። አንደኛው አኖዱ ማይነስ እግሩ ላይ፣ ካቶዱ አውትፑቱ ላይ። ሁለተኛው አኖዱ አውትፑቱ ላይ ሆኖ ካቶዱ ወደ አንድ መገናኛ ይሄዳል፣ ከዛ መገናኛ 20 ኪሎኦም ወደ ለ ማይነስ እግር ይመለሳል፣ 10 ኪሎኦም ደሞ ወደ ሐ ማይነስ እግር ይሄዳል። 10ሩን ሁለት 20 ፓራለል አድርጋችሁ ብትሰሩት ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሬዚስተር ከአንድ ፓኬት ይወጣልና ይመሳሰላል። 1 ፐርሰንት ተጠቀሙ።

ሐ ላይ ፊድባኩ 20 ኪሎኦም ሲሆን ጎኑ 3.3 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። አውትፑቱ ሁሌ ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚ ኤሌክትሮላይቲክ ከሆነ ፕላሱ ወደ ማይነስ እግሩ፣ ማይነሱ ወደ አውትፑት። ተገልብጦ ከገባ ቀስ በቀስ ሊኬጅ (የሚያፈስ ከረንት) ያመጣና ሜትሩ ዝቅ አድርጎ ማንበብ ይጀምራል። 20 ኪሎኦምና 3.3 ማይክሮፋራድ 66 ሚሊሰከንድ ይሰጡናል፣ ይሄ ደሞ በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ 99 ፐርሰንት ይደርሳል፣ በ1939 የወጣው የቪዩ ሜትር ስታንዳርድ የሚጠይቀው ፍጥነት እሱ ነው።

አሁን ወደዛች 7.75 ሚሊቮልት። የመጀመሪያው መብራት ሲበራ ሐ አውትፑት ላይ የሚኖረው 15 ሚሊቮልት አካባቢ ብቻ ነው። ቲኤል072 ደሞ በተለምዶ 3 ሚሊቮልት ኦፍሴት (ሲግናል ሳይኖርም የሚኖር የቮልቴጅ ስህተት) አለው፣ ሐ ላይ ያሉት ሬዚስተሮች ኦፍሴትን በ4 ያባዛሉ፣ 12 ሚሊቮልት። ስህተቱ ከሲግናሉ ጋር እኩል ሊሆን ምን ቀረው? ኦፒ07 ግን ኦፍሴቱ ከ0.1 ሚሊቮልት ያነሰ ነው፣ ሐ እሱ የሆነው ለዚ ነው። ለ ግን ፈጣን መሆን ስላለበት ቲኤል072 ይቀራል፣ የሱን ኦፍሴት በትሪመር እናጠፋለን፦ 100 ኪሎኦም መልቲተርን ትሪመር ሁለት ጫፉ +12 እና −12 ላይ፣ መሃሉ በ10 ሜጋኦም ወደ ሐ ማይነስ እግር። ይሄ አውትፑቱን በ24 ሚሊቮልት ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል፣ ይበቃል።

መ ሎጉ ነው። ከሐ አውትፑት 4.7 ኪሎኦም ወደ መ ማይነስ እግር፣ ፕላሱ ግራውንድ። ትራንዚስተሮቹ ፒኤንፒ ናቸው፣ ቢሲ557 ወይም 2ኤን3906። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ኮሌክተሩ ማይነስ እግሩ ላይ፣ ቤዙ ግራውንድ፣ ኢሚተሩ በ2.2 ኪሎኦም በኩል መ አውትፑት ላይ። ሁለተኛው ትራንዚስተር ኢሚተሩ ከመጀመሪያው ኢሚተር ጋር ይገናኛል፣ ቤዙና ኮሌክተሩ እርስ በርስ ይያያዙና ከነሱ 6.8 ሜጋኦም ወደ −12 ቮልት ይሄዳል። በሱ የሚያልፈው 1.76 ማይክሮአምፒር ነው፣ ሪፈረንሳችን እሱ ነው። የቤዝና የኮሌክተሩ መገናኛ ላይ የሁለቱ ልዩነት ብቻ ይቀራል፣ የሲግናሉ ከረንት 1.76 ሲሆን ዜሮ ቮልት፣ አስር እጥፍ ሲሆን 59 ሚሊቮልት ፖዘቲቭ። ላይኛው መብራት ላይ የሲግናሉ ከረንት ወደ 560 ማይክሮአምፒር ይደርሳል፣ ትራንዚስተሩ ሳይጨናነቅ የሚሰራው ሬንጅ ነው።

2.2 ኪሎኦሙን ከኢሚተሩ ፊት አታውጡት። ፊድባክ ውስጥ ያለ ትራንዚስተር ራሱ ጌይን ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲያድግ ጌይኑም ያድጋል፣ ሬዚስተሩ ከሌለ መ ኦሲሌት ያደርጋል። ከሱ ጋር 1 ናኖፋራድ ከመ አውትፑት (ከኢሚተሩ ሳይሆን ከኦፕ-አምፑ እግር) ወደ ማይነስ እግሩ። አንድ 1ኤን4148 ደሞ አኖዱ ማይነስ እግሩ ላይ ካቶዱ አውትፑቱ ላይ፣ እሱ በስራ ሰዓት ዝም ብሎ ተዘግቶ ይቀመጣል፣ ሲግናል ጠፍቶ ኦፍሴቱ ወደ ተቃራኒ ሲሄድ ግን መ ወደ −12 እንዳይሮጥ ይይዘዋል። ካልተያዘ የትራንዚስተሩ ቤዝ-ኢሚተር በተገላቢጦሽ ይሰበርና ባህሪው ይለወጣል።

ሠ ጌይን ነው። ያ መገናኛ ፕላስ እግሩ ላይ ይገባል፣ ከማይነስ እግሩ ወደ ግራውንድ 1 ኪሎኦም፣ ወደ አውትፑቱ 6.8 ኪሎኦም ከ2 ኪሎኦም ትሪመር ጋር። 8.5 አካባቢ ጌይን ነው፣ 59ኙን ወደ 500 ሚሊቮልት ያመጣዋል፣ ማለትም 25 ሚሊቮልት በዲቢ።

ያ 1 ኪሎኦም ነው የሙቀቱን ሁለተኛ ችግር የሚፈታው። በዲግሪ 0.33 ፐርሰንት የሚጨምር ፒቲሲ ሬዚስተር ይሸጣል፣ ካገኛችሁ እሱን ትራንዚስተሮቹ አጠገብ አስቀምጡ። ካላገኛችሁ መዳብ በዲግሪ 0.39 ፐርሰንት ይጨምራል፣ የሪሌይ ኮይል ደሞ መዳብ ነው። ኮይላቸው 400 ኦም የሆነ ሁለት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ ኮይሎቹን ተከታታይ አድርጉ፣ 150 ኦም ተራ ሬዚስተር ጨምሩበት፣ ከ1 ኪሎኦም ትንሽ ያነሰና በትክክል 0.33 ፐርሰንት የሚያድግ ሬዚስተር አላችሁ። ይሄንንም ካልፈለጋችሁ ተራ 1 ኪሎኦም አድርጉ፣ በ10 ዲግሪ ለውጥ ከላይኛው ጫፍ ላይ 1.6 ዲቢ ገደማ ይስታል፣ በየ5 ዲቢ ለሚራመድ ሜትር እኔ እቀበለዋለሁ። የመጀመሪያውን ችግር ግን መቀበል አይቻልም።

ትራንዚስተር መምረጥና ማጣበቅ

ቢሲኤም857 የሚባል ሁለት የተመሳሰሉ ፒኤንፒ በአንድ ገላ የያዘ አለ፣ ኤስኤምዲ መበየድ ለሚችል ሰው ምርጥ ነው። ካልሆነ መርካቶም ሆነ የትም በርካሽ የሚገኘውን ቢሲ557 ከአንድ ጥቅል ወደ ሃያ ገደማ ግዙና ምረጡ። ቤዝና ኮሌክተሩን አያይዙ፣ ኢሚተሩን በ120 ኪሎኦም ከ12 ቮልት ጋር፣ ሌላውን ወደ ግራውንድ፣ ከዛ ቮልቴጁን በሚሊቮልት ለኩ። በጣታችሁ ስትይዙት ይሞቃል፣ ቁጥሩ ሲወርድ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ፣ እስኪቆም ጠብቃችሁ ነው የምትፅፉት። 1 ወይም 2 ሚሊቮልት ውስጥ ያሉ ሁለት ፈልጉ።

ግን ልብ በሉ፣ ሰው መመሳሰሉ ላይ ይጨነቃል፣ ዋናው ግን አንድ ሙቀት ላይ መሆናቸው ነው። 2 ሚሊቮልት ልዩነት ቢኖራቸው ሜትሩ ባጠቃላይ 0.7 ዲቢ ይንሸራተታል፣ ያንን ሀ ላይ ያለው ትሪመር ያነሳዋል፣ አለቀ። አንደኛው ከሌላው በ2 ዲግሪ ቢሞቅ ግን 1.4 ዲቢ ይስታል፣ እሱም ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ይቀያየራል። ጠፍጣፋ ፊታቸውን አገጣጥማችሁ በኢፖክሲ አጣብቋቸው፣ ላዩ ላይ ሂትሽሪንክ አልብሱ፣ ከሬጉሌተሮቹና ከኤልኤም3914 አርቁ።

ብየዳ ስትጨርሱ 6.8 ሜጋኦሙና የመ ማይነስ እግር አካባቢ ያለውን ፍላክስ በአልኮል እጠቡ። 12 ቮልት ካለበት መስመር ወደዛ 100 ሜጋኦም ሊኬጅ ቢኖር 0.12 ማይክሮአምፒር ነው፣ ሪፈረንሱ 1.76 ብቻ ስለሆነ ይሄ ከግማሽ ዲቢ በላይ ይወስዳል፣ እርጥበት ሲኖር ደሞ ይብሳል።

መብራቱ

ኤልኤም3914 ላይ ፒን 7 እና ፒን 6 ይገናኛሉ፣ ፒን 8፣ ፒን 4 እና ፒን 2 ግራውንድ፣ ፒን 3 +12። ከፒን 7 ወደ ፒን 8 2.2 ኪሎኦም፣ የእያንዳንዱ ኤልኢዲ ከረንት ወደ 7 ሚሊአምፒር ይሆናል፣ ለኤልኢዲዎቹ ለብቻ ሬዚስተር አያስፈልግም። ሠ አውትፑት በ10 ኪሎኦም ወደ ፒን 5። ባር እንዲሆን ፒን 9ን ከፒን 3 ጋር፣ አንድ ነጥብ ብቻ እንዲሆን ክፍት ተዉት። የመጀመሪያው ኤልኢዲ ፒን 1 ላይ ነው፣ ሁለተኛው ፒን 18፣ ከዛ ወደ ታች እስከ ፒን 10። የኤልኢዲዎቹን አኖድ ከ12 ሳይሆን ከ5 ቮልት አብሉት፣ ቺፑ አይግልም። የኤልኢዲ ግራውንድ ለብቻው ሽቦ ይዞ ፓወር ሰፕላይ ጋ ይድረስ። ከሀ ግራውንድ ጋር አንድ ቀጭን መስመር ከተጋራ መብራት በበራ ቁጥር ሲግናሉ ይነካካል፣ ታችኞቹ መብራቶች ይንቀጠቀጣሉ።

ማስተካከል

እዚ ጋ ነው ሎግ ውብ የሚሆነው። ሎግ ማባዛትን ወደ መደመር ስለሚቀይር እያንዳንዱ ስህተት የራሱ መልክ አለው። ሌቭል ከተሳተ ሁሉም መብራት እኩል ይንሸራተታል። ስሎፕ ከተሳተ በመብራቶቹ መሃል ያለው ርቀት ይለወጣል። ኦፍሴት ከተሳተ ላይኞቹ ትክክል ሆነው ታችኞቹ ብቻ ይታጠፋሉ። ስለዚ ሶስቱ ትሪመሮች እርስ በርስ ብዙም አይጣሉም፣ ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ።

ቶን የሚያወጣ የስልክ ወይም የላፕቶፕ አፕ ይበቃል። 400 ኸርዝ ሳይን አድርጉት፣ ርካሽ መልቲሜትር ኤሲን የሚያነበው ለ50 ኸርዝ ታስቦ ነው፣ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ያሳስታል። −20ን ለማግኘት 9.1 ኪሎኦምና 1 ኪሎኦም ዲቫይደር (20.1 ዲቢ ነው በትክክል)፣ −40ን ለማግኘት 10 ኪሎኦምና 100 ኦም (40.1 ዲቢ) አዘጋጁ። መልቲሜትራችሁ 7 ሚሊቮልት ኤሲ በትክክል ስለማያነብ ታችኛውን በዲቫይደር ነው የምናምነው።

መጀመሪያ ሰርኪዩቱ በርቶ ይሙቅ፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ኢንፑቱን ሾርት አድርጉና ሐ አውትፑት ላይ የሚታየውን በኦፍሴት ትሪመሩ ወደ ዜሮ አምጡ፣ ወይም በጥቂት ነጥብ ሚሊቮልት ወደ ኔጌቲቭ ተዉት።

ቀጥሎ ፒን 7 ላይ ያለውን ሪፈረንስ ለኩ፣ በተለምዶ 1.28 ቮልት ነው፣ ከ1.2 እስከ 1.34 ሊሆን ይችላል። የናንተን ፃፉት፣ ሁሉም ነገር ከሱ ነው የሚሰላው። 1.28 ከሆነ 1 ዲቢ 25.6 ሚሊቮልት ነው። 0.775 ቮልት ኢንፑት ስጡና ሠ አውትፑትን ለኩ፣ ከዛ በዲቫይደሩ −20 ስጡና ድጋሚ ለኩ። ልዩነቱ የሪፈረንሱ 0.4 እጅ መሆን አለበት፣ 0.512 ቮልት። እስኪሆን ሠ ላይ ያለውን ትሪመር አዙሩ፣ ቁጥሮቹ ራሳቸው የት እንዳሉ አሁን አያስጨንቃችሁ፣ ልዩነታቸውን ብቻ።

ከዛ ወደ 0.775 ተመለሱና ሀ ላይ ያለውን ትሪመር አዙሩ፣ ሠ አውትፑት የሪፈረንሱ 0.9 እጅ፣ 1.152 ቮልት እስኪሆን። ዘጠነኛው መብራት እዛ ድንበሩ ላይ ይበራል። ስልካችሁ 0.775 ካልደረሰ 0.436 ቮልት ስጡት፣ −5 ዲቢዩ ነው፣ ስምንተኛው መብራት፣ 1.024 ቮልት።

መጨረሻ −40። 0.128 ቮልት መሆን አለበት። ከዛ ከፍ ብሎ ከቆመ ወይ ኦፍሴቱ ትንሽ ይቀረዋል ወይ 50 ኸርዝ ሃም ከኬብሉ እየገባ ነው። ኢንፑቱን ሾርት ስታደርጉ ካልወረደ ኦፍሴት ነው፣ ከወረደ ሃም ነው፣ ኬብሉን ቀይሩ እንጂ ትሪመር አትንኩ። ዝቅ ካለ በኦፍሴት ትሪመሩ በጣም በጥቂቱ አንሱት። −20 ላይ 0.64 ቮልት መቅረቱን አይታችሁ ጨርሱ።

ላይኛው ጫፍ ብቻ ከታጠፈ ሀ ክሊፕ እያደረገ ይሆናል፣ ፓወሩ እውነት 12 መሆኑን እዩ። ታችኛው ጫፍ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ፣ 10 ኪሎኸርዝና ከዛ በላይ፣ ዝቅ አድርጎ ቢያነብ ግን ጥፋት አይደለም፣ ለ ዳዮዶቹን ለመቀያየር የምትፈልገው ጊዜ ነው፣ ንግግርና ሙዚቃ ላይ እዛ ያለው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ አይታይም።

ሙዚቃ ስትከፍቱበት መብራቱ በፍጥነት የሚወርድ ከመሰላችሁ ልክ ናችሁ። 66 ሚሊሰከንዱ ከሎጉ በፊት ስለሆነ በዲቢ ሲታይ ቀጥ ባለ መስመር ነው የሚወርደው፣ በሰከንድ ወደ 130 ዲቢ። ለንግግር እኔ እንደዚ ነው የምወደው፣ ቃላቱን ይከተላል። ረጋ እንዲል የምትፈልጉ 3.3ቱን በ10 ማይክሮፋራድ ቀይሩት፣ በሰከንድ 43 ዲቢ ይሆናል፣ አወጣጡም አብሮ ይዘገያል። ካልብሬሽኑ አይነካም፣ ድጋሚ ማስተካከል አያስፈልግም።